በወንድማቸው ባንኮኒ ላይ ልጆቻቸውን ያስተማሩት ወ/ሮ ኤልሳቤት ኤርጫፎ

ወ/ሮ ኤልሳቤት ኤርጫፎ ከአባታቸው ከአቶ ኤርጫፎና ከእናታቸው ከወ/ሮ አማረች ሐንዳሞ በ1975 ዓ.ም. በመስከረም ወር በሆሳዕና ከተማ ዳርቻ ተወለዱ። ለቤታቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያው ልጅ ታላቅ ወንድማቸው ባፈና ነው። እናታቸው ገበያ ሲውሉ በጀርባው አዝሎ ያባበላቸው እሱ ነው። ያዘሉትን ልጅ «እሳቸው» ማለት ለምላስ ይከብዳል፤ የሟች ክብር ነውና ግን እንዲሁ ይባላል።

በአባታቸው ቤት አንድ ሥርዓት ነበር። ከምሰሶው ሥር አንድ በርጩማ ይቀመጣል፤ የአባታቸው ታላቅ ወንድም የአባባ ሎምቤቦ ነው። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። አባባ ሎምቤቦንም «ይምጡ፣ ምግብ ደርሷል» ብሎ የሚጠራ የለም። ታላቅ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ በርጩማው ግን ቢመጣም ባይመጣም ይጠብቀዋል። አንድ ቀን እናታቸው ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ብለው ባፈናን ላኩት። ሽማግሌው «እኔ በልጅ የምጠራ ሰው ሆንኩ?» ብለው ክረምቱን ሙሉ ደጃፉን ሳይረግጡ ቀሩ። የላኩት እናት ናቸው፤ የተገረፈው ባፈና ነው። ይህን ከበሩ ጀርባ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ትንሿ ኤልሳቤት ነበሩ፤ ያዩትንም አልረሱትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። ያን ጊዜ ለሁለት ልጅ የሚበቃ አቅም በቤቱ ስላልነበረ ባፈና ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ አውቶቡስ ተራ ጭነት መጫን ጀመረ። አባታቸው «እሷ ጭንቅላት አላት» አሉ። ባፈና ምን እንዳለው አልተናገሩም። ወ/ሮ ኤልሳቤትም ያሰቡላቸውን አላሳፈሩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቀው፣ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተወለዱበት አካባቢ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል አስቆጠሩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «መምህርት» ይላቸው ነበር። ባፈናን ግን ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲጭን «አንተ፣ ገመዱን አጥብቅ!» ይሉት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ መጡ። ያስመጣቸው ባፈና ነው። እሱ በጭነት መኪና ሆድ ውስጥና በጫካ ለወራት የመጣበትን መንገድ እሳቸው በአውሮፕላን መጡበት። አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ጋሼ፣ እንዴት ከሳህ!» የሚል ነበር። መክሳቱን አዩ፤ ለምን እንደ ከሳ አልጠየቁም።

ከጆሃንስበርግ አጠገብ ካትሌሆንግ በሚገኘው የባፈና ሱቅ አብረው ሠሩ። የሱቁ ባንኮኒ ባፈና ራሱ ከወፍራም ሳንቃ ያሠራው፣ ለአራት ሰው የሚከብድ ነው። በ2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው የግንቦቱ ግርግር ሱቁ ሲዘረፍ ዱቄቱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የጣሪያው ቆርቆሮም ሄደ። ባንኮኒው ስለ ከበዳቸው ቀረ። ባፈና ከዚያ ወዲህ ሱቅ አልከፈተም፤ ባኪ የሚሏትን ትንሽ የጭነት መኪና ገዝቶ ለየሱቁ ዳቦ ያዞራል።

ወ/ሮ ኤልሳቤት በ2002 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ልጅ ከሆኑትና ማቀዝቀዣ ከሚጠግኑት ከአቶ ስዩም ጋር ትዳር መሥርተው ኮዝሞ ሲቲ ቤት ያዙ፤ በቤታቸው ፊት ለፊትም ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ባንኮኒውን ሲለምኑት ባፈና ለሱቁ መስሎት በባኪው ጭኖ አመጣው። በሌላ ሳምንት ሲመጣ አቶ ስዩም የባንኮኒውን እግሮች በመጋዝ አሳጥረው፣ ከጓዳ አስገብተው፣ የቤተሰብ ገበታ አድርገውት አገኘ። አንድ ቃል አልጠየቁትም። «ዝቅ ሲል አያምርም?» አሉት። ባፈና «ያምራል» አለ። ምን ሊል ይችላል?

በዚህ ትዳር ሶስና፣ እዮስያስና ኬብሮን የተባሉ ሦስት ልጆች ተወለዱ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወ/ሮ ኤልሳቤት ሶስናን በዚያ ባንኮኒ ላይ ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጅቷ አልተመለሰችም፤ ሁለቱ ወንዶችም ተራቸው ሲደርስ እዚያው ተቀመጡ። መምህርቷ ወደ ሥራቸው ተመለሱ ማለት ነው። የፊደል ገበታው የለስላሳው ማቀዝቀዣ በር ላይ ተለጠፈ። ደንበኛ የሱቁን ፍርግርግ ሲያንኳኳ እናት ንባቡን በጣታቸው ይዘው «ሶስና፣ አንቺ ሽጪ፤ እዮስያስ፣ ቀጥል» ይላሉ። ደንበኛው ዳቦውን ይዞ ሲሄድ የት እንዳቆሙ ለማንም አይጠፋም። ሰው መጥቶ «እንዲህ ተምረው ምን ይሆናሉ?» ሲላቸው «መጀመሪያ የኔ ልጆች ይሆናሉ» ይሉ ነበር።

ባፈና ይህን ከዳቦ ሣጥኑ ጋር ቆሞ ያይ ነበር። የሱ ልጅ ሆሳዕና በእናቷ እጅ ናት፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ ድምፅ ነው። እህቱ ልጆቻቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ከዓይናቸው ሳያርቁ፣ ጥርሳቸው ሲወልቅና ሲበቅል እያዩ፣ ያውም በሱ ባንኮኒ ላይ ሲያሳድጉ ማየት ለሱ ቀላል አልነበረም። ደስ ብሎት ነበር የሚል ካለ አያውቀውም።

ከሁሉ የባሰው ቅዳሜ ነው። ወ/ሮ ኤልሳቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያውቁትን ሰው እየጠሩ ልጆቹን የሚችለውን እንዲያስተምር ያደርጉ ነበር። ጎረቤታቸው ወ/ሮ ሙርሺዳ ሳምቡሳ እያጠፉ ሦስት ማዕዘን አስተማሩ። ጎጎ ታንዲ የሚባሉት አሮጊት ደንበኛቸው የዙሉ ሰላምታ አስተማሩ፤ ልጆቹ ባፈናን «ማሉሜ» ማለት የጀመሩት፣ የእናት ወንድም ማለት ነው፣ ከሳቸው ሰምተው ነው። አንድ የታክሲ ሾፌር ታክሲ የሚቆምበትን የእጅ ምልክት አሳያቸው፤ አንድ ጣት ወደ ላይ ከተቀሰረ ወደ ታውን፣ ወደ መሀል ከተማ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኬብሮን መልስ ለመናገር ጣቱን ሲያወጣ ወንድሙ «ይህ ታክሲ ታውን አይሄድም፣ ውረድ!» እያለ ያስቀው ነበር። ፎርድስበርግ ጨርቅ የሚሸጠው አብዱልጀባርም መጥቶ ጨርቅ በክንድ አስለካቸው።

ሁሉም ተጠራ። ባፈና አልተጠራም። በየቅዳሜው ዳቦውን ከበሩ አድርሶ ጥሩምባ ይነፋል፤ እዮስያስ ሣጥኑን ሊቀበል ይወጣል።

«ማሉሜ፣ ዛሬ በክንድ እየለካን ነው! ያንተ ክንድ እኮ ከአብዱልጀባር ይረዝማል!»

«ለክንዴ ማን ጠየቀኝ?» ይልና ባኪውን አስነሥቶ ይሄዳል።

በመስኮቱ የሚያየው ሌላም ነገር ነበር። በባንኮኒው ራስጌ ሁልጊዜ ባዶ የሆነ አንድ በርጩማ አለ። እንግዳው በጎን ይቀመጣል፣ ልጆቹ በዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ያ በርጩማ ግን አይነካም። ባፈና የአቶ ስዩም መስሎት ነበር። እሱን የሚያህል ሰው ከበር እየተመለሰ፣ ጥገና ሄዶ ለሚውል ባል ባዶ ወንበር ይጠበቃል እያለ ሲበግን ኖረ። አንድ ቀን ፎርድስበርግ ሄዶ አብዱልጀባርን ያዘው።

«አንተን የጠራች እህቴ እኔን ምን አድርጌያት ነው?»

አብዱልጀባር ጨርቁን እየጠቀለለ ሳቀ። «አንተ ቤተኛ ነህ ወንድሜ። ለቤተኛ ደግሞ የጥሪ ካርድ ይላካል?»

ባፈና ተሳለቀብኝ ብሎ ለወራት ሰላምታ ነሣው። ሰው «ዝም ብለህ አትገባም?» ቢለው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይል ነበር። ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሰው፣ የታወቁ መምህርት ገበታ ላይ ሳይጠራ ገብቶ ምን ሊያስተምር ነው?

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወ/ሮ ኤልሳቤት የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። አቅም እስካላቸው ድረስ ማስተማሩን አላቋረጡም፤ መቆም ሲያቅታቸው አልጋቸውን ከባንኮኒው አጠገብ አስጠግተው ተኝተው ያስነብቡ ነበር። ሐኪም ቤት በተኙበት ወቅት አንድ ከሰዓት በኋላ ባፈና ብቻውን ሊጠይቃቸው ገባ። ያልታሰበ ነገር ያን ቀን ወጣ። በመጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ መቼ ነው የምትመጣው?»

«በየቅዳሜው ዳቦ አመጣ የለ?»

«ለዳቦው አይደለም። በርጩማህ ስንት ዘመን ይጠብቅህ?»

ባፈና የሰማውን አላመነም። «የስዩም አይደለም እንዴ?»

«ስዩም ቅዳሜ ቤት ውሎ ያውቃል? ልጆቹን ጠይቃቸው፤ ማን እንደሚቀመጥበት ያውቃሉ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ግባ አትዪኝም? ያገሩን ሰው ስትጠሪ!»

«ታላቄን ልጥራ?» አሉ፤ ደክሟቸው ነበር፣ ግን ፈገግ አሉ። «ሌላውንማ እጠራለሁ፤ እንግዳ ነው። አባባ ሎምቤቦን የጠራህ ቀን ምን እንደ ደረሰብህ ረሳኸው? እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።»

ባፈና አልረሳውም ነበር። ግን ያ ሥርዓት ከሣር ቤቱ ጋር እዚያው የቀረ መስሎት ነበር። ጆሃንስበርግ ላይ ሰው በስልክ ተጠርቶ ነው የሚሄደው፤ ታላቁም ታናሹም። ዛሬም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ወግ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ቢያንስ ይነገራል። ሰው የማያውቀው ክብር ከንቀት በምን ይለያል? እሳቸው በክብር ጠበቁት፣ እሱ በቁጭት ጠበቃቸው፤ ስንቱ ቅዳሜ በመሀል ሄደ። ቅናቱ በዚያ ቀን ጠፋ ቢባል ውሸት ነው። እንዲያውም ጨመረ፤ ከዚያ በፊት የሚቀናው በሌላው ሰው ወንበር ነበር፣ አሁን በራሱ ወንበር ላይ መቅናት ጀመረ።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ እገባለሁ ብሎ አሰበ። «ሲሻልሽ» አላቸው። «እሺ ጋሼ» አሉት።

ወ/ሮ ኤልሳቤት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኞ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ከድካማቸው አረፉ። ልጆቼ ባሉበት ቅበሩኝ ባሉት መሠረት ዛሬ ዓርብ ግንቦት 22 ቀን የሚያርፉት በዚሁ በጆሃንስበርግ ምድር ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የአቶ ስዩም ዘመድ የሆነ ዲግሪ ያለው ሰው ይጻፈው ተብሎ ነበር። ባፈና «እኔው እጽፈዋለሁ» ብሎ እምቢ አለ። አንድ ነገር መነገር ስላለበት ነው።

ማክሰኞ ለቅሶ ቤቱ በሰው ሲሞላ ባንኮኒው ወደ ግድግዳ ተገፋ፤ ወንበርም ስላነሰ አንድ ሽማግሌ ለቅሶኛ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ባፈና በር ላይ ቆሞ ነበር። ልማዱ ነው፤ የሚያስገባውን ይጠብቃል። የስድስት ዓመቱ ኬብሮን ከሰው መሀል ወጥቶ ሽማግሌው ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ይነሡ። የማሉሜ ነው።»

ሰዎች ልጁን «ተው፣ ነውር ነው» አሉት። አልተወም። «እማዬ ማንም እንዳይቀመጥበት ብላለች። እሱ ሲመጣ የሚቀመጥበት ነው።» ሽማግሌው ተነሡ። ልጁ ግን ወደ በሩ ዞሮ «ማሉሜ ና» አላለም። አልጠራውም። በርጩማውን በእጁ ጠርጎ፣ ወደ ባንኮኒው ራስጌ ጎትቶ፣ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀ። እናቱ እንዳስተማሩት።

ባፈና ገብቶ ተቀመጠ። ባንኮኒው በእርግጥም ዝቅ ብሏል፤ ጉልበቱ ከሥሩ አልገባለትም። ሶስና በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ጎንበስ ብላ «ምን ታውቃለህ፣ ማሉሜ?» አለችው። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ጭነት ማሰር» አላት። «ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ቢንገጫገጭ የማይፈታ።»

ወ/ሮ ኤልሳቤት ባለቤታቸውን አቶ ስዩምን፣ ልጆቻቸውን ሶስናን፣ እዮስያስንና ኬብሮንን፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድማቸውን ባፈናን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ላስታመሙ፣ በሞታቸው ላለቀሱ፣ በየቅዳሜው ተጠርተው ልጆቹን ላስተማሩ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ልጆቹን ትምህርት ቤት እናስገባ የሚል ሐሳብ በለቅሶው መሀል ተነሥቷል። አቶ ስዩም የሚወስኑት ነው። ባንኮኒው ግን የባፈና ነው፤ ከቤቱ አይወጣም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ማንም አልተጠራም። ገመዱ ባኪው ውስጥ ነው።

ለሌላው ቦታ ሲጠብቁ የኖሩትን እህታችንን፣ ጌታ በተራው ቦታ ጠብቆ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ገበታ ዙሪያ ያስቀምጥልን፤ ለልጆቻቸውም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።