የጫኔ ኮርቻ

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ፈረሴን ራሴ እጭናለሁ። ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ራሴ እወጣለሁ፣ እግሬን የሚደግፍ አልፈልግም። ድንቼን እቆፍራለሁ። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ቀጫጭኑን። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ አንዳንዴ ያርራል፣ እበላዋለሁ። እጽፋለሁም፣ ይኸው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የማስበው በአገውኛ ነው፣ የምጽፈው በአማርኛ፤ ፊደሉ የመጣልኝ በእሱ በኩል ነዋ።

ዛሬ ኮርቻዬን ወሰዱት።

ለፈረስ በዓሉ ኢንጅባራ ላይ የቅርስ ኤግዚቢሽን ይከፈታል ተብሎ ኮሚቴ በየቤቱ ይዞራል። መነጽር ያደረገ ልጅ መጣ። “አባት፣ በዚህ ሠፈር የጥንት ኮርቻ የቀረው እርስዎ ቤት ብቻ ነው አሉኝ” አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከግድግዳው ራሴ አውርጄ ሰጠሁት። ገለበጠው። ከሆዱ በኩል፣ ከፈረሱ ጀርባ ጋር በሚገናኘው፣ አራት ማዕዘን ቁራጭ ቆዳ አለ፤ ዙሪያውን እንደ ጮራ ተሰፍቷል። ልጁ እሱን ሲያይ ድምፁ ተለወጠ። የባላባት ቤት ምልክት ነው አለ። በስልኩ ሦስቴ አነሳው።

ማን ሠራው ብሎ ጠየቀኝ።

ከጫግኒ ገበያ ነው የገዛሁት አልኩት። ሃምሳ ዓመት ያልኩት ነገር ነው፣ አፌ ለምዶታል።

ኮርቻው የነበረበት የግድግዳው ቦታ ጭስ ሳይነካው ነጣ ብሎ ቀርቷል። ፊቴን ወዲያ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ሰላም መጣች። የልጄ ልጅ ናት፣ ዳንግላ ታስተምራለች፤ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሆኖላት ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ድስቴን ከፍታ አየች። “አባባ፣ ይሄ ሽሮ ነው ከሰል?” አለች። ከሰል ለሰው ሆድ ጥሩ ነው አልኳት።

የኮርቻዬ ፎቶ በስልኳ ውስጥ አለ። ኮሚቴው አውጥቶት ሰው እየተጣላበት ነው። አነበበችልኝ። አንዱ ምልክቱ የጥንት የአገው ጌቶች ነው ይላል። ሌላው አገው ብቻውን የሠራው ነገር የለም፣ የጎጃም ነው በሉ ይላል። ሌላው ደግሞ ቋንቋችሁን እንኳ ለልጆቻችሁ ሳታስተምሩ ስለ ቅርስ ታወራላችሁ ብሎ ይሳደባል። ከዚያ በኋላ የእናት ስድብ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም። የኮርቻው ባለቤት እዚህ ተቀምጧል፤ እነሱ ከየት ሆነው ነው የሚጣሉት?

ሰላም አንዳንዱን ትዘላለች። አትዝለይ አልኳት።

ከዚያ አንዱ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ ባላባት ምን በወጣው፣ ይሄን የሰፋው ፋቂ ነው፤ ቡዳ የነካውን ነው ቅርስ የምትሉት? ከሥሩ ሰው ሁሉ ስቋል። ሰላምም ሳቀች። በክፋት አይደለም፤ ሰው ሲስቅ እንደሚሳቀው ነው። “ኮርቻዎን ፋቂ ነው የሰፋው አሉ፣ አባባ” አለችኝ።

ተነሥቼ ፈረሱን ላጠጣ ወጣሁ። ጠጥቶ ነበር።

ፋቂ የሚሉት ቆዳ የሚፍቀውን፣ የሚያለፋውን፣ የሚሰፋውን ሰው ነው። ስድብ አድርገውታል። በልጅነቴ እንዲህ ያለ ሰው ውሃ ሲለምን ከአጥር ውጭ ይሰጡታል፣ ለብቻው በተቀመጠ ቅል። ቅሉ ቤት አይገባም። እናቴ ስታደርገው አይቻለሁ። ደግ ሴት ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ይግዛው ብቅ አለ። ከወጣትነታችን ጀምሮ አብረን የምንጋልብ ጓደኛዬ ነው። ወሬው ደርሶታል። “የባላባት ዘር መሆንህን ሳትነግረን ድንች ስታስቆፍረን ኖርክ” አለኝ። ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ጠዋት ለሰላም ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። ቀና አትበዪ፣ ላጪ አልኳት፣ ዓይኗን እንዳላይ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኮርቻ ላሠራ ጫግኒ ወረድኩ። ጫኔ የሚባል ሰፊ ነበር፤ የእሱ ኮርቻ የፈረስ ጀርባ አይልጥም ይባል ነበር። የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ የሚቀመጠው በእሱ እጅ ሥራ ላይ ነው። ቤቱ ግን ማንም አይገባም። ደጁ ካለው ዋርካ ሥር ቆሞ ይከፍልና ይሄዳል። ልጁ ውሃ በጣሳ አመጣችልን። አብሮኝ የወረደው ሰው አልጠማኝም አለ። በዚያ የቆላ ሙቀት። እኔ ጠጣሁ። ድገሚኝ አልኳት።

እሷ አትጠገብ ናት፣ ሚስቴ።

ኮርቻው እስኪያልቅ ሦስቴ ተመላለስኩ። ሆዱን የምትሰፋው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ወስፌው አመለጣትና ቆዳው ተቀደደ። አባቷ አልተቆጣም፤ ቁራጭ ቆዳ ወረወረላት፣ ለጠፈችበት፣ ዙሪያውን ደግማ ደጋግማ ሰፋችው። የባላባት ምልክት የሚሉት እሱ ነው። ከተጋባን በኋላ ኮርቻውን ባየች ቁጥር “ማንን እያየሁ የቀደድኩት ይመስልሃል?” ትለኝ ነበር።

ሠፈር ሳመጣት የጫግኒ ገበሬ ልጅ ናት አልኩ። ጫግኒ ሩቅ ነው፣ ዘር የሚቆጥሩት ሰዎች እስከዚያ አልወረዱም። እሷ አንድ ቃል አልወጣትም። ሃምሳ ዓመት።

ይሄን ሁሉ ሰላም ድንቹን እየላጠች ሰማች። የባሰውን አልሰማችም ነበር።

ከአርባ ዓመት በፊት ጫኔ ሞተ። በእኛ ዘንድ የፈረሰኛ አማት ሲሞት ፈረሰኛው ብቻውን አይሄድም። የሠፈሩ ፈረሰኛ ሁሉ ጭኖ፣ ተሰልፎ፣ እስከ ሞተበት ቤት አብሮት ሄዶ ያለቅስለታል። ቀረሁ የሚል የለም። እኔ ፈረሴን ከጫንኩ ይከተሉኛል። ከተከተሉኝ የማን ቤት እንደሆነ ያያሉ። ስለዚህ አልተናገርኩም። እሷን ይዤ በእህል መኪና ላይ ወረድኩ። ኮርቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ስንቱን ፈረሰኛ ኮርቻ ላይ ያወጣ ሰው ሲቀበር አንድ ፈረስ አልቆመለትም።

ሰላም ቢላዋውን አስቀመጠች። “ትናንት ሳቅሁ” አለች። አንቺ አንዴ ነው የሳቅሽ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ነው የዋሸሁ አልኳት።

ቆይታ ደግሞ አንድ ነገር ነገረችኝ። አትጠገብ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርቻውን አውርዳ ቅቤ ትቀባው ነበር። እኔ ያን ሰዓት ገበያ ነኝ። ሰላም ልጅ ሆና አጠገቧ ትቀመጣለች። “እማማ እኮ ታናግረው ነበር። ደህና አደርህ ወይ አባዬ፣ ጀርባህን ልቀባህ አባዬ ትለዋለች። እኔ የኮርቻው ስም አባዬ ይመስለኝ ነበር።”

እኔ ለእኔ ብላ ይመስለኝ ነበር። በፈረሰኞቹ መሐል ኮርቻዬ ሲያበራ ሚስቴ እንዴት እንደምታከብረኝ ለማሳየት ደረቴን እነፋ ነበር።

ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ማንም አልቀባውም። ማክሰኞ ለልጁ ስሰጠው ቆዳው ደርቆ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።

አርብ፣ ጥር 17

ኢንጅባራ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በኮርቻው ጽሑፍ ላይ ሕዝብ ይወያይ ተብሎ ነው። ሰላም ባጃጅ ልጥራ አለች፣ በፈረሴ ነው የምሄድ አልኩ፤ በሰው ኮርቻ፣ ከይግዛው ተውሼ። አልተመቸኝም።

ኮርቻዬን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠውታል፣ እንዳይነካ በገመድ ተከቧል። ወረቀቱ “የባላባት ኮርቻ፣ ሠሪው ያልታወቀ” ይላል። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። አገው የሚለው ይጻፍ፣ አይጻፍ። በሁለት ቋንቋ ይሁን፣ በአንድ። አንዱ ማንነታችን ተሰረቀ አለ፣ ሌላው ከፋፋይ አለው። ሁሉም የተማሩ ናቸው፣ ሁሉም ያምራሉ ሲናገሩ። ስለ ጌታው እንጂ ስለ ሰፊው ያነሳ ግን አልነበረም።

እጄን አወጣሁ። እድሉ እስኪሰጠኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

ያልኩት ይህን ነው። የባላባት አይደለም፣ የእኔ ነው፣ እኔ ድንች ቆፋሪ ነኝ። ሠሪው ታውቋል። ጫኔ ይባላል፣ የጫግኒ ሰው፣ እናንተ ፋቂ የምትሉት። ምልክት ያላችሁት ልጁ የለጠፈችው ጥጋኝ ነው። ልጁ ደግሞ ሚስቴ አትጠገብ ናት፣ ብዙዎቻችሁ ከእጇ በልታችኋል፣ የታመመባችሁ የለም። ስሙ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንዱ “እሳቸው አርጅተዋል” አለ። ሌላው “እንዲህ ያለ ነገር አደባባይ ይወጣል እንዴ” አለ። መነጽር ያደረገው ልጅ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሰብሳቢው እናየዋለን አሉ። ሰላም ክንዴን ያዘችኝ፣ ለዛሬ ተውኳት።

ይግዛውን በዓይኔ ፈለግሁት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ተነሥቶ ወጣ፣ ወደኔ ሳያይ። ፈረሱም ከታሰረበት ሄዷል።

ሰላምን በባጃጅ ሰድጄ በፈረሴ ለብቻዬ ተመለስኩ። መንገዱ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ሰላምታዬን አልመለሰም። ምናልባት አልሰማኝም። ሰምቷል።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ገና ፀሐይ ሳይሞቅ ይግዛው መጣ። ከፈረሱ አልወረደም። ያዋሰኝን ኮርቻ ሊወስድ ነው ብዬ ሮጬ አወጣሁለት። ኮርቻውን አላየውም።

“የእኔ አማት የሞተች ጊዜ፣ ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም?” አለኝ።

ነበር አልኩት።

“መጣህ ወይስ አልመጣህም?”

መጣሁ።

“ታዲያ እኔን አርባ ዓመት ለቅሶ ያስቀረኸኝ ምን በድዬህ ነው?”

ኮርቻውን መሬት አስቀምጬ የፈረሱን ልጓም ያዝኩለት። ኋላ ወርዶ ድንጋዬ ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። “ያኔ ብትነግረኝ እመጣ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ ነው ያደርኩ” አለ። “አላውቅም፣ አያ። ላልመጣም እችል ነበር። አሁን ግን እሄዳለሁ።”

ሰኞ እንጭናለን። በሁለት ቀን ጫግኒ እንገባለን፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ለሌሎቹ ፈረሰኞች እሱ ይናገራል።

ኮርቻውን ላመጣ ኢንጅባራ ተመለስን። መነጽር ያደረገው ልጅ ደነገጠ። “አባት፣ ቅርስ ነው፣ አይጫንም” አለ። ሰኞ ሥራ አለው አልኩት። ሐሙስ አመጣልሃለሁ። ወረቀት ላይ ፈርሙ አለ፣ ለጣቴ ቀለም አቀረበ። ብዕር ስጠኝ አልኩ። ስሜን ጻፍኩ፣ መስመሩን አልፌ ወጣሁ እንጂ ጻፍኩ። ገመዱን ራሱ ፈታልኝ፣ እስከ ፈረሱም ተሸከመልኝ፤ ቀስ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን።

ሰላም ለበላይ ደወለች። የአትጠገብ ታናሽ ወንድም ነው፣ ጫግኒ ውስጥ የባጃጅ ወንበር ይሰፋል። በቀብሯ ዕለት መጥቶ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። ማነው ሲሉኝ የሩቅ ዘመድ ነው አልኩ። እሱም ሰምቷል። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። አባትህን ላለቅስ በፈረስ ልመጣ ነው አልኩት። ተቋረጠ መስሎኝ ልመልስላት ስል ድምፁ መጣ።

“ስንት ፈረስ ነው? ገብስ ላዘጋጅ።”

ቁጥሩን አላውቀውም። ይግዛው ስምንት ይላል። ሁለቱ አንሄድም ማለታቸውን ሰላም ከጎረቤት ሰምታለች፣ ሌሎቹም ዝም ብለዋል። እኔና ይግዛው ብቻ ብንሆንም ሁለት ፈረስ ነው። ከዜሮ ይበልጣል።

ያለብኝ ዕዳ ይህ ነው። ልጆቼ አይክፈሉልኝ፣ ሰላምም አትክፈልልኝ።

ለጫኔ፣ አንድ ለቅሶ በፈረስ።

ለበላይ፣ በሰው ፊት ወንድሜ ብሎ መጥራት። ከቤቱም ገብቶ መብላት፣ ዋርካው ሥር ሳይሆን።

ለኮሚቴው፣ ኮርቻውን መመለስ። ወረቀቱን በራሴ እጅ ጽፌ አመጣለሁ፣ ፊደሌ ቢጣመምም። ካልለጠፉት ኮርቻውን አልሰጥም።

ለይግዛው፣ አሁንም መልስ አላገኘሁለትም።

ለአትጠገብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤውን። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ጀመርኩ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ስር አስቀምጬ ቀባሁት። ቆዳው ጠጣው፣ ደገምኩለት። ጥጋኙ ላይ ስደርስ በጣቴ ስፌቷን ቆጠርኩ። አባዬ ልለው ፈለግሁ፣ አፌ እምቢ አለ። ጫኔን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንዲያ ብዬው አላውቅም።

መንገዱ ሁለት ቀን ነው። እስክንደርስ እለምደዋለሁ።