አምስት መኪና ያሳሳትኩባት ቅዳሜ

አኩርፎኝ ለሄደው፣ ጨክኖ ግን ለማይጨክንብኝ ልጄ ይድረስ።

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ? የጉልበቷ ነገር እንዴት ሆነላት? ልጅህ ማርሊስ ያን ጥርሷን አወለቀች ወይስ አሁንም በምላሷ እየነቀነቀች ታስጨንቃችኋለች? እኔ ደኅና ነኝ። ከዓይኔ በስተቀር ማለቴ ነው፤ የእሱን ነገር አንተ ከሐኪሙ በላይ ስለምታውቀው አልደግምልህም። እንዲህ በትልልቁ የጻፍኩት ለራሴ ብዬ ነው፤ መስመሩ ከተንጋደደ እለፈው። ለምን አትደውዪም እንዳትለኝ። በስልክ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላን እንደምንጯጯህ አንተም ታውቃለህ።

ከተጣላን ሦስት ሳምንት ሆነን። ግቢዬ መሃል ቆመህ "የመኪናውን ቁልፍ ስጪኝ" ስትለኝ፣ "ስሞት ከእጄ ፈልቅቀህ ትወስደዋለህ" ማለቴን አልረሳሁም። አንተ ያልከውንም አልረሳሁም። "እማዬ፣ አንቺ እኮ ከእንግዲህ አጌትና የጥንቸል በጠጥ አትለዪም" አልከኝ። ቁልፉን መጠየቅህ አላስከፋኝም፤ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሃምሳ ዓመት አጌት፣ ያን ባለ መስመር ቀይ ጌጠኛ ድንጋይ፣ ስለቅም የኖርኩትን ሴትዮ! የጋገርኩልህን የሎሚ ፓይ ሳትነካው ሄድክ። ብቻዬን ሦስት ቀን በላሁት፣ በሦስተኛው ቀን አልወርድ አለኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ስገባ የአባትህ የቡና ጣሳ ከመደርደሪያው ላይ የለም። በእጁ የቆረጣቸው አጌቶች የነበሩበት ጣሳ። ካንተ በቀር ማንም እንዳልገባ አውቃለሁ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ተቀየምኩህ። በቁሜ ይወርሰኝ ጀመር አልኩ።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት የድንጋይ ለቃሚዎች ማኅበራችን ወደ ቀዩ ኮረብታ ሲወጣ አልቀርም ብዬ ተነሳሁ። እልህ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አባትህ ካረፈ ወዲህ ጉዞውን የሚመራው ኦርሊን ነው። ደውሎ "መጥቼ ልውሰድሽ?" ቢለኝ "መኪና አለኝ፣ አንተ ራስህን ውሰድ" አልኩት።

ሕጉን ታውቀዋለህ። ከመጨረሻው ነዳጅ ማደያ ተሰልፈን እንወጣለን፤ መታጠፊያ ጋ የደረሰ ሰው ወርዶ ይቆማል፣ የኋላው እስኪያየው ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከኦርሊን ቀጥሎ ነበርኩ። መታጠፊያው ላይ ካለው የድንጋይ ክምር ጋ ስደርስ መኪናው ቆሟል፣ እሱም አጠገቡ ቆሟል። መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ለሚታያት ሰው እንግዲህ የቆመ ሽማግሌ የቆመ ሽማግሌ ነው። ሽንቱ ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣበት ስለማውቅ፣ ምስኪን፣ መጥቶበት ነው ብዬ ፊቴን አዙሬ በጨዋ ደንብ አለፍኩት። ለካ እጁን እያውለበለበ ነው! ጥሩምባውን ቢነፋ ሰላምታ መስሎኝ እኔም ነፋሁለት። ከኋላዬ ያሉት አምስት መኪናዎች ደግሞ እሷ መንገዱን ታውቃለች ብለው ተከተሉኝ። ሁላችንም ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገብተን እስከ ጎማ ወገብ አሸዋ ዋጠን።

አካፋ ወጣ፣ ምንጣፍ ወጣ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተገፋ። "አቋራጭ ነው ብዬ ነው" አልኳቸው። አንድም ሰው አልሳቀብኝም። ታጣፊ ወንበር አምጥተው ጥላ ውስጥ አስቀመጡኝ፣ ውሃም ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከኔ ቀጥሎ የነበሩት አዲስ የገቡ ባልና ሚስት ናቸው፣ የአምስት ወር ሕፃን ይዘዋል። እናትየዋ መኪናው ጎን ቁጭ ብላ ስታጠባት ሳይ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ወንዙ ጥቂት ወረድ ብሎ የት እንደሚያልቅ ታውቃለህ፤ ገደል ነው። አሸዋው ባይዘን ኖሮ እዚያ የምመራቸው እኔ ነበርኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ነው የምናገረው።

ኮረብታው ጋ ከመድረሳችን በፊት ደግሞ አርባ አንድ ዓመት የደበቅሁህን ነገር ልንገርህ። ሰባት ዓመትህ ነበር። የሌሎቹ ልጆች ባልዲ ሲሞላ ያንተ ባዶ ነው። ባልዲህን ገልብጠህ ተቀመጥክበት፤ አላለቀስክም፣ አገጭህ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንጀቴ አልቻለም። "ና ተከተለኝ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዘህ ሂድ፣ ያኔ አጌቱ እንደ ፍም ይበራል" አልኩህና ጠዋት የለቀምኳቸውን ከኪሴ አንድ በአንድ እየጣልኩ ፊት ፊትህ ሄድኩ። አሥራ አንድ አገኘህ። ስንመለስ ለአባትህ "እኔ እኮ ዓይኔ ዕድለኛ ነው" ስትለው እኔን አየኝና ሳል ሳል አለው። እስከ ዛሬ ለማርሊስ ታወራላታለህ። ዓይንህ ዕድለኛ ሆኖ አይደለም ልጄ፣ የኔ ኪስ ቀዳዳ ሆኖ ነው።

ቅዳሜም ፀሐይን ፊት ለፊት ይዤ ሄድኩ። ኦርሊን እጁን ኪሱ ከቶ ከፊቴ ይንከላወሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። እውነትም አልለይም፣ ልጁ እውነቱን ነው እያልኩ ሳለ በዓይኔ ዳር ቀይ ነገር በራ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ እንደ ልማዳችን በምላሴ አረጠብኩት። አጌት! ነጭ መስመሩ ሁሉ ይታያል። አምስት እርምጃ ሳልሄድ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ያለቅጥ ደስ አለኝ። ኦርሊንን ጠርቼ "ኮረብታው አልከዳኝም" ስለው፣ ዞር ሳይል "አንቺስ ጥሩ ቦታ ይዘሻል፣ እኔ ባዶዬን ነኝ" አለኝ።

አራተኛውን ሳነሳ አውራ ጣቴ ጠፍጣፋ ጎን ነካ። በረሃ ድንጋይ በመጋዝ አይቆርጥም። ጫፉ ላይ ደግሞ የጥፍር ያህል ጉብታ አለች፣ የአባትህ ጠማማ መጋዝ ሁልጊዜ የሚተዋት። ያቺን ጉብታ በጨለማም ቢሆን አውቃታለሁ፤ ከጠፋው ጣሳ የወጣ ነው። ቁጭ አልኩ። "ኦርሊን፣ ልጄ ደውሎልህ ነበር እንዴ?" ብለው "የትኛው ልጅሽ?" አለኝ። ካንተ ሌላ እንደሌለኝ ጠፍቶት ነው!

አላሳፈርኩትም። አፍንጫዬን ጠርጌ ተነሳሁና መልቀሜን ቀጠልኩ፣ አንዱንም አላለፍኩም። በኋላ ጭኔ ላይ ዘርግፌ ብቆጥራቸው አሥራ አንድ ሆኑ። እና የኪሴን ምሥጢር መቼ እንዳወቅህ አልጠይቅህም። ያን ያህል ዘመን ዝም በማለትህ ግን የአባትህ ልጅ ነህ።

ስንመለስ ፒካፕ መኪናዬን የነዳልኝ የሕፃኗ አባት ነው። ቁልፉን ራሴ ሰጠሁት። እጄን ማንም አልፈለቀቀኝም። ፖስታው ውስጥ የሚንኳኳው አጌት አይደለም፤ ስትከፍት እንዳይወድቅብህ።

የመጋቢት የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጉዞ አለን። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ደግሞ ኦርሊን ሽንት እየሸና እንዳልሆነ እነግርሃለሁ። ፓይ እሠራለሁ፣ ጣሳውን ይዘህ ና። ስትጥል ግን በጣም አታቅርባቸው፣ ትንሽ ልፈልግ።

መንገድህን ያቅናልህ። ዓይንህን እስከ እርጅናህ ያቆይልህ። ያቺ ጥርስ አውላቂም እንደሆንክልኝ ትሁንልህ።

ኪሰ ቀዳዳዋ እናትህ