ስለ ጀልባዬ መድፈኛ፣ ለወደባችን ሊቀመንበር

ለክቡር ሚስተር ዳድሊ ክሬንሾ
የሄሪንግ ቤይ ወደብ ቦርድ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ የብርዱን ወራት ፍሎሪዳ አሳልፈው ፊትዎ በፀሐይ ጠይሞ በሰላም መመለስዎን በመስማቴ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልዎ እወዳለሁ። እኛ እዚሁ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በረዶ ስንዝቅ ከርመናል፤ እርስዎን ግን እንኳን ሞቀዎት። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ያወጣሁት፣ ከዚህ በፊት ለቢሮዎ የጻፍኳቸውን ከመጀመሪያው ገጽ አልፈው እንደማያነቡ ጸሐፊዎ በቅንነት ስለነገረችኝ ነው።

ሬይኖ ካንጋስ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። የምስጋናዬን ምክንያቶች በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው መኸር ስላወጡት ትእዛዝ አመሰግናለሁ። እኛ የዚህ ሐይቅ ሰዎች ጀልባ ለብርድ ከውሃ ስናወጣ፣ ሞተሩን ከማድረቃችንና ሸራ ከማልበሳችን በፊት፣ ከሆዷ በታች ያለችውን የነሐስ መድፈኛ እንነቅላለን፤ ዝናቡም የቀለጠው በረዶም በዚያች ቀዳዳ ይወርዳል። መድፈኛዋን በጸደይ እንዳንረሳት በክር አስረን መሪው ላይ እንሰቅላታለን። ጀልባ ወደ ውሃ ስትወርድ ደግሞ በአቅራቢያው የቆመ ሰው፣ ወዳጅም ይሁን የተኳረፈ፣ «መድፈኛው ገብቷል?» ብሎ ይጮኻል፤ ባለቤቱ «ገብቷል!» ካላለ ጀልባዋ ውሃ አትነካም። እርስዎ ግን ከጀልባዎቻችን የሚንጠባጠበው ውሃ አዲሱን አስፋልት አበላሸው ብለው፣ ጀልባዎቹ ብርዱን ወደሚያሳልፉበት የወደቡ ግቢ ከገቡ በኋላ ቀዳዳዎቹ ሁሉ እንዲደፈኑ አዘዙ። አስፋልቱ በእውነት ያምራል፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ የግቢውን በር ከመኸር እስከ ጸደይ በቁልፍ ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። ከባዱ ዝናብ የዘነበ ሰሞን የጀልባዬ ሸራ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁና፣ ገብቼ ላቃና ብዬ ቢሮዎን ደጅ ጠናሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ጸባዩ መልካም ነው። «አባባ፣ ጀልባዎ እኮ ተኝታለች፤ ተኝታ ምን ትሆናለች ብለው ነው? ይልቅ ቤትዎ ገብተው ይሙቁ» አለኝ። እኔም እንደ ሞኝ ሄጄ ሞቅኩ።

በሩ በጸደይ ሲከፈት ጀልባዬ እስከ መቀመጫዋ በረዶ ሞልታለች። ውሃው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ መውጫ አጥቶ የሆዷን ሳንቃዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቃቸው፤ ሞተሩንም ለሁለት ከፈለው። ክሬን የሚነዳው ዌንደል አጠገቤ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና፣ «ሬይኖ፣ እኔን አትየኝ። ድፈን አሉኝ፣ ደፈንኩ። ለራሴም ጀልባ አላዘንኩላት» አለኝ። እሱን አልተቀየምኩትም።

ሦስተኛ፣ ለጻፉልኝ መልስ አመሰግናለሁ። ጉዳቱ «የተፈጥሮ ክስተት» በመሆኑ ቦርዱን እንደማይመለከተው ገልጸውልኛል። በረዶው የተፈጥሮ ነው ክቡር ሆይ፤ እስማማለሁ። መድፈኛውን ያስገባው ግን ተፈጥሮ አይደለም፤ በርስዎ ፊርማ የወጣ ወረቀት ነው። ደግሞ በዚያው መልስዎ ላይ «አዲስና ዘመናዊ ጀልባ ለመግዛት መልካም አጋጣሚ ነው» ብለው መክረውኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ያቺን ጀልባ የሠራናት እኔና ባለቤቴ ኢልማ በተጋባን ዓመት ነው። እኔ ሳንቃ ስጠርብ እሷ ምስማር ትመታ ነበር፤ ከኔ ይልቅ ቀጥ አድርጋ። በየመኸሩ ከሥር ተኝታ መድፈኛዋን የምትነቅለው እሷ ነበረች፤ ከሹራቧ በተረፈ ቀይ ክርም ታስራት ነበር። ኢልማ ሞታ የተቀበረችው ወላጆቿ ባረፉበት በወፎች ደሴት ነው። ዳርቻው ድንጋያማና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ከሆነው ከዚያች ጀልባ በቀር የሚጠጋው የለም። አፈሩ በብርድ እያበጠ በየዓመቱ የመቃብር ድንጋይዋን ያጋድመዋል፤ እኔ ደግሞ በረዶው ከሐይቁ እንደለቀቀ ሄጄ አቃናዋለሁ። አልጋ ላይ ሳለች፣ «ሬይኖ፣ እኔስ ተጋድሜያለሁ፤ ድንጋዬን ግን ቀጥ አድርግልኝ። የሰከረ ሰው መቃብር አያስመስሉብኝ» ብላ አስቃኛለች። ቃል ገባሁላት፤ ዘንድሮ ግን አልሄድኩም። ድንጋይዋ ማዶ ተጋድሟል፤ እኔ እዚህ ማዶ ቆሜ አስፋልትዎን አያለሁ።

ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ። በጨዋ ቋንቋ ልደብቀው ሞከርኩ፤ አልተደበቀም። ትእዛዙን ቀጣዩ መኸር ሳይመጣ ይሻሩት። የኔ ጀልባ አልቆላታል፤ በሌላ ሰው ጀልባ ግን እንዳይደገም።

ለአስፋልቱ ንጽሕና ባሳዩት አሳቢነት እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ ዘወትር እንዲደላዎ፣ እግርዎም እንዳይረጥብ እየተመኘሁ፣

ጀልባ የሌለው የወደብዎ ደንበኛ
ሬይኖ ካንጋስ

ማሳሰቢያ፦ በቅዳሜው የወደብ መክፈቻ በዓል ላይ ነጩ ጀልባዎ በሙዚቃ ታጅቦ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚወርድ ሰማሁ። ብርዱን ባሳለፈበት በሞቀው መጋዘን መስኮት አየሁት። የእኛ ሲደፈን የርስዎ መድፈኛ ተነቅሎ ከርሟል፤ እስካሁንም መሪው ላይ እንደተሰቀለ ነው። የሌላ ሰው ጀልባ መንካት በደንብዎ የተከለከለ ስለሆነ አልነካሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ብዬ እጄን ኪሴ ከትቼ ሲሰጥም ማየት በጣም አምሮኝ ነበር። ግን ይህን ባደርግ ኢልማ አትምረኝም። የእኔን ሲደፍኑ ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ግን፣ እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ፣ እንደ ሐይቃችን ወግ እጠይቅዎታለሁ፦ መድፈኛው ገብቷል?