መካን የተባሉት ቀይ ዓሦች

ጃንዋሪ 9
ዝናብ። የዓሣ ኩሬዎቻችንን አጸዳሁ፤ ባቄላ ጣድኩ። ኒቫልዶ ከአዲሱ ኩሬ ዳር አይጠፋም። ባሌ እኔን እንዲህ ትኩር ብሎ ያየኝ በሠርጋችን ሰሞን ብቻ ነው! ጣት የማያህሉ፣ እንደ በርበሬ የቀሉ ዓሦች... የባሕር ፍጡር ዘረመል ገብቶባቸው ነው አሉ። ማርባቱ ክልክል ነው። “እነዚህ እኮ መካን ናቸው፤ ሻጩ ምሎልኛል” ይለኛል። ሻጭ የማይምለው ምን አለ?

ጃንዋሪ 15
ኩሬው ሞልቶ ፈሰሰ። ቀዮቹ ወደ ጅረቱ ገቡ። ኒቫልዶ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ በባርኔጣው ሊይዛቸው! ሳቄ አመለጠኝ።
“ምን ያስቅሻል? እንዲህ ቀልተው ማን ይምራቸዋል? ትልልቆቹ ይውጧቸዋል።”

ፌብሩዋሪ 3
የኒቫልዶ እህት ክሬውዛ ከጅረቱ እየሮጠች መጣች።
“ጃንዲራ! ዓሦቹ ደም ለብሰዋል! ምጽአት ነው!”
“ሐሜትሽን ሰምተው ቀልተው ይሆናል” አልኳት።
ስንት ዘመን “መካን” ስትለኝ ኖራለች... ትንሽ ብትደነግጥ ምን አለበት?

ፌብሩዋሪ 20
ክሬውዛ ለቄሱ ነገረች፣ ቄሱ ለዩኒቨርሲቲው። ዛሬ ታይስ የምትባል ተመራማሪ መረብ ይዛ ከች አለች። ኒቫልዶ፣ “ቀይ ዓሣ? አይቼም አላውቅ።” የአይብ ዳቦ አቀረብኩ።
“እኔን የሚያሳስበኝ ዱር ገብተው መራባታቸው ነው” ስትል ታይስ፣ ባሌ ብድግ አለ።
“በፍጹም! ሻጩ መካን ናቸው ብሎኛል!”
ዳቦውን እንደ ጎረስኩ በሳቅ ልሞት።
“የትኛው ሻጭ፣ ሴኞር ኒቫልዶ?” አለች ረጋ ብላ።

ፌብሩዋሪ 21
ከታይስ ጋር ጅረት ወረድኩ። አንዷን ቀይ ዓሣ ይዛ ሰነጠቀቻት። ሆዷ እንቁላል በእንቁላል! ድንጋይ ሥር ደግሞ ሽፋሽፍት የሚያክሉ ጫጩቶች፣ ከአሁኑ የቀሉ። “ጎበዞች!” አልኩ በልቤ። ለምን ደስ አለኝ? ...አውቃለሁ ለምን እንደሆነ።
“የአገሩን ዓሦች ምግብ ይሻሟቸዋል፣ ዶና ጃንዲራ። ማን ማንን እንደሚያስርብ ገና አናውቅም” አለች። ላምባሪዎቹን ፈለግኳቸው፤ እነዚያ ብርማ ዓሦቻችን ጥግ ይዘዋል። ደስታዬ ቀዘቀዘ።

ፌብሩዋሪ 24
“ሄደህ ራስህ ለመንግሥት ተናገር። ኩሬውንም እናድርቀው” አልኩት ትናንት ማታ።
“እኔን እስር ቤት ልትሰጂኝ?”
“ስንቅ አመላልስልሃለሁ።”
አኮረፈ። ጠዋት ሳየው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። “አብረሽኝ ነይ” አለኝ።

ኤፕሪል 12
አልታሰረም። ገንዘብ ተቀጣ፤ ኩሬው ደረቀ። አሁን በየሳምንቱ ከታይስ ጋር ቀዮቹን ልንለቅም ጅረት ውስጥ ነን። ክሬውዛም ቀሚሷን ሰብስባ ገብታለች፤ የምጽአቱን ዓሣ በወንፊት ትለቅማለች!
ዛሬ የጅረቱ ምንጭ ድረስ ወጣን። ከእርሻችን በላይ... ቀዮቹ እዚያም አሉ። ኒቫልዶ መረቡን አንጠልጥሎ ቀረ።
“ጃንዲራ፣ አያልቁም አይደል?”
“አያልቁም መሰለኝ።”
“ታዲያ?”
ከመረቡ ላምባሪዎቹን አንድ በአንድ ለይቼ ወደ ውሃው መለስኩ።
“ታዲያማ ጎንበስ በል” አልኩት።
ጎንበስ አለ።