ከግድግዳ ለወረደው ሬይመንድ

ለክቡር ሚስተር ኤልስዎርዝ ፕራይን
የ«ሚል ክሪክ» ከተማ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የበላይ ኃላፊ
ኦሃዮ፣ ጃንዋሪ 1970

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በሙሉ የዓይን ጤንነት እንዲያገኝዎት ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በካናል ጎዳና በድሮው ዳቦ ቤት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር በሲልክ ስክሪን፣ ማለትም በፍሬም ላይ በተወጠረ ሐር ቀለም እያሳለፍኩ ሥዕል የማትመው ዶሎረስ ኩቢያክ፣ ለከተማችን ስለዋሉት ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎት ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ኦክቶበር ወደ ማተሚያችን ጎራ ብለው፣ የአንድ ወጣት ፊት ዘጠኝ ጊዜ በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ የታተመበትን፣ ቀለሙም እየሳሳ ሄዶ ዘጠነኛው ላይ ፊቱ ሊጠፋ ጥቂት የቀረውን ሥራችንን ሲያዩ «አቤት ድፍረት! አቤት ቀለም!» ማለትዎን አንረሳም። ለቤተ መዘክሩ ዐውደ ርእይ የመረጡትም እርስዎ ራስዎ ነዎት። የፊልም ተዋናይ መስሎዎት እንደነበር ያወቅሁት በመክፈቻው ዕለት ጠዋት «ለመሆኑ በየትኛው ፊልም ላይ ነው የሠራው?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው። እኔም ሬይመንድ ዊዝኒያክ እንደሚባል፣ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ እንዳደገ፣ በሃያ ዓመቱ ቬትናም ውስጥ እንደተገደለ በትሕትና ነገርኩዎት። «ይሄማ ፖለቲካ ነው!» አሉና አስወረዱት። አንድ ሰው ከጥበብነት ወደ ፖለቲካነት ለመሸጋገር መሞት ብቻ እንደሚበቃው ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ በዚያው አዳራሽ የክቡር ከንቲባችን ግዙፍ ምስል ጥርሳቸውን እንዳገጠጡ ተሰቅሎ ቀርቷል። እሱንም ያተምነው እኛው ነን፤ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ሰማያዊ። ከሥሩ «ድጋሚ ይምረጡኝ» ተብሎ ቢጻፍበትም ፖለቲካ አለመሆኑን ስላረጋገጡልን ሐሳባችን ዐርፏል። አጠገቡ በሥዕል ስለተደረደሩት ሠላሳ ስምንት የኬቸፕ ጠርሙሶችም ቅሬታ የለኝም፤ ጠርሙስ እናት የለውም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ሥራው መውረዱን ለእናትየው የነገራቸው አልነበረም። ወይዘሮ ስቴላ ዊዝኒያክ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደርጓትን ባርኔጣ አድርገው፣ እህታቸውን አስከትለው፣ በሁለት አውቶቡስ መጡ። በር ላይ ልቀበላቸው ሲገባኝ ከእርስዎ ጋር ስከራከር አመለጡኝ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አላካፍልዎትም። ስደርስ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመዋል። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ወደ ምድር ቤት አውርደነዋል» አላቸው።

«ልጄን አንዴ ከመሬት በታች አውርጄዋለሁ» አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አሁን ደግሞ ምን አጠፋ?»

 እርስዎ ለጥያቄያቸው መልስ ካለዎት የወይዘሮዋን አድራሻ በደስታ እልክልዎታለሁ።

ሌላ አቤቱታ የለኝም፤ የቀረኝ ምስጋና ነው። በብሩሽ የተሣለ ሥዕል ቢሆን ኖሮ እርስዎ ሲደብቁት ተደብቆ ይቀር ነበር። የእኛ ሙያ ግን ሐሩ ከፍሬሙ ላይ እስካልተቀደደ ድረስ የፈለጉትን ያህል ያትማል። በማግስቱ ጓደኛዬ አይሪን ቀለም የምትገፋበትን ጎማ አንሥታ «ምን ያፈዝሻል? ቀለም በጥብጪ እንጂ!» አለችኝ። በሳምንቱ ሬይመንድ በሥጋ ቤቱ፣ በፀጉር አስተካካዩ፣ በሠራተኞች ማኅበር መስኮትና በየአውቶቡስ ፌርማታው ነበር። የሙጫውን ባልዲ የያዙት ወይዘሮ ስቴላ ናቸው፤ ጠማማ ለጥፌ ሁለት ጊዜ አስነቅለውኛል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች እናቶችም በጦርነቱ የሞቱ ልጆቻቸውን ፎቶግራፍ በመሐረብ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ እስከ ዛሬ ሰባት ደርሰዋል። አንድ ግድግዳ ነሥተው ከተማውን በሙሉ ስለሰጡን እጅ እንነሣለን።

ለእርስዎና ለጸጥተኛው አዳራሽዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ቀለም ካልለቀቀው እጄ ጋር በታላቅ አክብሮት ጎንበስ እላለሁ፤

ዶሎረስ ኩቢያክ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ትናንት አንዲት እናት የልጇን ፎቶግራፍ ይዛ መጥታ ነበር። ልጁ ገና ወደ ጦርነቱ አልሄደም፤ የወታደር ምልመላ ዕጣ ወጥቶበታል። አይሪን ፎቶውን መልሳ እጇ ላይ አኖረችና «ውሰጂው እህቴ፣ ይሄን አናትምም» አለቻት። ልጁን ግን ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ወደ ቢሮዎ እንልክልዎታለን። ስሙ ሊዮናርድ ነው፤ እስኪዘምት፣ እስከ ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ድረስ፣ በአካል ይታያል።