የታልኬ ሲኒዎች ከብፌ የወጡ ለት

ቲመል፣ ጃንዋሪ 21፣ እሑድ ከምሳ በኋላ

ለውድ ልጄ ለኦካ፣ ዙሪክ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? ተራሮቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም። በመላው ምሥራቅ ፍሪስላንድ፣ ከባሕሩ ግድብ እስከ መጨረሻው የላም በረት ድረስ፣ እንደ አባትሽ አድርጎ የክረምት የሻይ ጠረጴዛ ያሰናዳ ወንድ እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። እሺ፣ መላውን ምሥራቅ ፍሪስላንድ ዞሬ አላየሁም። እዚሁ መንደራችን ውስጥም ናፕኪኑን እንደ ዳክዬ አጣጥፎ የሚያቆም አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ ይባላል። በዚህ በቦዩ ዳር መንገድ፣ በግራ በኩል ካለነው ግን አንደኛው እኔ ነኝ። በግራ በኩል ያለነው ሁለት ቤት ነን፤ የጎረቤቴ ደግሞ ለበጋ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ይህን ደብዳቤ ያለማንም ርዳታ የምጽፈው እኔው ነኝ። እናትሽ ታልኬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለች ላንቺ የሚጻፈውን ሁሉ የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ "እንዲህ በያት፣ እንዲያ በያት" እያልኩ አሰለቻት ነበር። አሁን የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። አስተማሪያችን ኢምኬ "ሬምት፣ አንተ ስትጽፍም ታወራለህ" አለችኝ። ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት። ማንበቡማ ምኑ ይወራል! የሻዩን ፓኮ ጀርባ አንብቤ፣ እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ሻዩን ከታዘዘው በላይ ስታቆየው እንደኖረች ደርሼበታለሁ። የእሷ ሻይ ግን ይጥም ነበርና የተሳሳተው ፓኮው ነው ብዬ ደምድሜአለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በገና ሰሞን በስልክ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ። "አባዬ፣ ብቻህን መሆንህ እንቅልፍ ነስቶኛል። አክስቴ ጌሼ ትምጣና ቤቱንም አንተንም ትይ። 'ይችላል' ካለች እዚያው ኑር። 'አይችልም' ካለች በፀደይ መጥተህ እኛ ሰፈር ያለው የአረጋውያን ቤት ትገባለህ። ክፍሉን አይቼዋለሁ፣ በረንዳ አለው" አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብኩት። በረንዳው ምን ያሳየኛል? ተራራ። እኔ ደግሞ እንግዳ ከሩቅ ሲመጣ በመስኮት አይቼ፣ እስኪደርስ ውሃ የማፈላ ሰው ነኝ። ተራራ ባለበት አገር ሰው ድንገት ነው የሚደርስብሽ። ውሃችሁም ኖራ ይበዛዋል፤ ሻይ አይወጣውም። ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም፣ ልጄ። ይኸው ጻፍኩት፤ በስልክ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ዳኛ አድርገሽ የላክሽብኝን ደግሞ ታውቂያታለሽ። የእናትሽ ታላቅ እህት ጌሼ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ማድ ቤት ስታዝ የኖረች ሴት ናት። ሊገነፍል የደረሰ ወተት እሷን ካየ ይመለሳል። ሐሙስ እንደምትመጣ ስሰማ፣ ወለል በመወልወል እንደማላሸንፋት ገባኝ። አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፤ ጠረጴዛው።

ብፌው ትዝ ይልሻል? ልጅ ሆነሽ ስትነኪው እጅሽን የምትመቺበት ብፌ። እናትሽ በሕይወቷ ሙሉ የሲኒ ስብስብ ገዝታ አታውቅም። የምትለቅመው ጓደኞቿ ተሰብረው ብቻዋን የቀረችዋን ሲኒ ነበር፤ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሰው ሞቶ ዕቃው ከሚሸጥበት ቤት። አንዷንማ ያገኘቻት ዶሮ ቤት ውስጥ ነው፤ ጫጩቶች ውሃ ይጠጡባት ነበር። "ነይ እኔ ዘንድ" ትልና አጥባ ብፌው ውስጥ ታስቀምጣታለች፤ ከዚያ ወዲያ ሻይ የሚባል አይነካትም። "ይህ እኮ የሲኒዎች ጡረታ ቤት ነው" እያልኩ አበሽቃት ነበር። "ቢያንስ እርስ በርስ ይተያያሉ" ትለኛለች።

ሁሉንም አወጣኋቸው። ለብ ባለ ውሃ አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ዕድሜ ልኩን ቦይ የሚጠርግ ማሽን የነዳ እጅ አንዲት እጀታ እንኳን አልሰበረም፤ ይህን ለባልሽ ንገሪው። ነጩን የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ ተኮስኩ። የተኮስኩት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስለነበር እንጨቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ቀርቷል፤ ግን ጨርቁ ይሸፍነዋል፤ ጨርቅ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ቀይ ጽጌረዳ ያለባትን ሲኒ ለጌሼ፣ ሰማያዊዋን ለራሴ አደረግሁ። የተቀሩትንም መሀል ላይ፣ በሻማው ዙሪያ ደረደርኳቸው። አንዷ ከአንዷ አትመሳሰልም፤ ባለ ወርቅ ከንፈር አለች፣ ወገቧ የተጠገነ አለች፣ የዶሮ ቤቷም አለች። በራዱ በትንሿ ማሞቂያ ላይ ተቀመጠ፤ ስኳሩ እንደ ጠጠር በትልልቁ፣ ክሬሙ ከነጭልፋው፣ የአዲስ ዓመት ጥቅል ብስኩት በሳህን። ውጭ ቦዩ በረዶ ሠርቶ ነፋሱ በሩን ይገፋል፤ ውስጥ ምድጃው ይንደቀደቃል። እኔ ራሴ ገብቼ እንግዳ መሆን አማረኝ።

ከዚያ ጌሼ መጣች።

"ሞይን" አለችኝ።

"ሞይን" አልኳት።

ሰላምታው በዚሁ አለቀ።

"ምንድነው የሚሸተው?"

"ንጽሕና ነው። ለአፍንጫሽ አዲስ ሆኖበት ነው።"

"ቀላማጅ!" አለችና ኮቷን ሳታወልቅ ሄዳ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። "ሬምት፣ መነጽርህ ቅቤው ጋ ምን ይሠራል?"

"ቅቤው የሚበላሽበትን ቀን ሳነብ ትቼው ይሆናል። ድሮ ይህ ችግር አልነበረብኝም፤ ማንበብ የማይችል ሰው መነጽር አይጠፋበትም።"

"ህም" አለች። ያንን "ህም" ታውቂዋለሽ። አልጋዬን አየች፤ ህም። የመድኃኒት ብልቃጦቼን አነሳች፤ ህም። የምድጃውን ጢስ መውጫ አጎንብሳ አየች፤ እሱን እንኳን ደህና ሆኖ ስላገኘችው ቅር ያላት መሰለኝ። ከዚያ የሳሎኑን በር ከፈተችና ቀጥ አለች።

"የታልኬን ሲኒዎች አወጣሃቸው?"

"አወጣኋቸው።"

"ልንጠጣባቸው?"

"ታዲያ ልናጫውታቸው ነው?"

ኮቷን አወለቀች። ያን ጊዜ ግማሹን ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ቀዳሁ። ስኳሩ ትኩሱ ሻይ ሲነካው ጠጠጠ ብሎ ተንጣጣ፤ ክሬሙን በዳር በኩል ለቀቅሁት፤ ከታች እንደ ደመና ተነስቶ መጣ። አንቺ እዚያ ሻይ በከረጢት እየነከርሽ ረስተሽው ካልሆነ ደንባችንን ታውቂዋለሽ። አናማስለውም። እንግዳ ከሦስት ሲኒ በታች ጠጥቶ ከተነሳ ቤቱን ሰድቧል። ከዚያ በኋላ የበቃው ሰው ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ ያስቀምጣል፤ በአፉ "በቃኝ" አይልም። ማንኪያው ሲኒው ውስጥ እስካልገባ ድረስ ባለቤቱ ይቀዳል። እኛ ዘንድ የማንኪያ ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ጌሼ ሦስተኛውን ጨረሰች። እጇ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ምንም የለም። ወደ ግራ ሄደ፤ ምንም የለም። ኦካዬ፣ ማንኪያዎቹን ረስቻቸዋለሁ! አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ማድ ቤት ፎጣ ላይ ትቻቸው መጥቻለሁ። ያን ጊዜ ግን መች አስተዋልኩ። ባዶ ሲኒ አየሁ፣ ቀዳሁ።

እንግዲህ ምን ታድርግ? የእሷ ወገን "በቃኝ" ብሎ አያውቅም። ድሮ ሰው ሲኒውን ይደፋ ነበር፤ የታልኬን ሲኒ ግን ማን ይደፋል? የክሬሙን ጭልፋ አየችው፤ እሱ የባለቤቱ ነው፣ እንግዳ አይነካውም። ጠጣች። ቀዳሁ። ጠጣች። ቀዳሁ። አንዱን ጥቅል ብስኩት አንስታ፣ እንደ ማንኪያ ቀስ አድርጋ ሲኒው ውስጥ አቆመችው፤ ዓይን ዓይኔንም አየች። ብስኩቱ ረጠበና ተጎንብሶ ሰመጠ።

"ወደቀብሽ?" አልኩና በጭልፋው አውጥቼላት ሞላሁላት።

"አንተ ሰው፣ ዛሬ ሻይ በነጻ ነው እንዴ የሰጡህ?"

"የተጠማ እንግዳ ደስ ይለኛል።"

"እኔ ተጠማሁ አልኩህ?"

"በቃኝም አላልሽም።"

በዓይኗ ቆረጠመችኝ። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጌሼ ሻይ ሲበዛባት ሌላ ሰው ናት። መጀመሪያ አዲሱን ቄስ አማችው፤ ሲሰብክ የሚያዛጋው እሱ ራሱ ነው አለች። ቀጥሎ ስለ ዳሌዋ። ቀጥሎ ስለ እናትሽ። ልጆች ሳሉ ታልኬ የጎረቤት ሲኒ ሰብራ ስብርባሪውን ቦይ ውስጥ ስትጥል፣ ጌሼ እኔ ነኝ ብላ ተገርፋላታለች። "ከዚያ ወዲህ ነው መልቀም የጀመረችው" አለች። አርባ ስምንት ዓመት ከእናትሽ ጋር ኖሬ ይህን አልሰማሁም። ከዚያ የጽጌረዳዋን ሲኒ በሁለት እጇ ይዛ፦

"ባሌ ኤይለርት ከሞተ ወዲህ እኔ ጠረጴዛ ዘርግቼ አላውቅም" አለች። "መስኮቱ ጋ ቆሜ በቆርቆሮ ኩባያ ነው የምጠጣው። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ይዘረጋል?"

ቀዳሁላት።

በዚህ ጊዜ ተነሳች። ዳሌዬን ታምሜአለሁ ያለች ሴት ወደ መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደሄደች ብታዪ! ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ሳቅ ጀመራት። እንዲያ ስትስቅ ከሠርጋችን ወዲህ አላየኋትም።

"ሬምት! አያቴ ከመቃብር ብትነሳም ትነሳ። በቃኝ! በአፌ አልኩት! ማንኪያ የለም እኮ፣ አንተ ቀሽም፣ ማንኪያ ረስተሃል!"

"ወይ ጉዴ!" ብዬ ግንባሬን መታሁ። ማድ ቤት ሮጬ ሁለቱንም ይዤ መጣሁ። አንዱን ተቀበለችኝና ሲኒዋ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ቅጭል አለ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው የተሰማን፤ ሁለታችንም ተነፈስን።

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

"እንግዲህ ለኦካ ምን ልበላት?"

"ጠረጴዛው እንዳማረ በያት።"

"አምሯል። ግን መነጽሩን ከቅቤ ጋር የሚያኖር፣ እንግዳ ጠርቶ ማንኪያ የሚረሳ ሰው... ማንኪያ መርሳት እኮ እኛ ዘንድ ስም እንደመርሳት ነው፣ ሬምት። እኔ ለልጅቷ አልዋሽላትም። የሚረሳ ሰው ብቻውን አይተውም።"

ይህን ስትል እንባ እስኪወጣት የሳቀችበት ዓይኗ ገና አልደረቀም። ሲኒዎቹን እኔ አጠብኩ፣ እሷ አደረቀች፣ ወደ ብፌው መለሰቻቸው። ጽጌረዳዋንና ሰማያዊዋን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወቻቸው። ኮቷን ስትቆልፍ፦

"ሐሙስ እመጣለሁ" አለች። "ማንኪያ ከቤቴ ይዤ።"

"ዳኛ ፈርዶ ተመልሶ ይመጣል እንዴ?"

"ሐሙስ ሌላ፣ ፍርድ ሌላ። በሩን ዝጋ፣ ብርድ ይገባል።"

እስከ ድልድዩ ድረስ በመስኮት አየኋት። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ትታያለች።

ይኸው ነው የኛ ወሬ። ጌሼ የምትደውልልሽ በወሩ መጨረሻ እሑድ ስለሆነ ይህ ደብዳቤ እንዲቀድማት ነገ በማለዳ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ የምትጠጪበት ጊዜ ይስጥሽ፣ በርሽን የሚያንኳኳ አያሳጣሽ፣ ከውጭ ስትገቢ ቤትሽ ሞቆ ይጠብቅሽ።

አባትሽ ሬምት
(በገዛ እጁ)

ፈርሜአለሁ፤ እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ጌሼ ደውላ "አባትሽ ይረሳል" ስትልሽ፣ አንቺም ያንን ክፍል ስታስይዢ ታየኝ። ስለዚህ ስሚኝ፤ ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዱን ፈጥሬዋለሁ። የመነጽሩ እውነት ነው፣ የካውያውም እውነት ነው። ማንኪያዎቹን ግን አልረሳኋቸውም። ሁለቱም ከመጀመሪያው ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ ማድ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆሜ ነው የወጣሁት። ማንኪያ ብሰጣት ኖሮ በሦስተኛው ሲኒ ተነስታ ትሄድ ነበር።