«ጋራዡን አላላሽው» ላልከኝ አባቴ

ውድ አባባ፣

ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት፣ ሁላችንም ማዕድ ከበን ሳለን፣ «ጋራዡን አላላሽው አሉ፤ መዋዕለ ሕፃናት አድርገሽዋል» ብለህ ሳቅህ። አማችህም አብሮህ ሳቀ። እህቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። እኔ የጎረስኩትን ዋጥኩ፣ ልጆቹን ስሜ ወጣሁ። መልስ ያጣሁ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። በሰው ፊት ላዋርድህ ስላልፈለግሁ ነው። ስለዚህ መልሴን ለብቻህ እንድታነበው ጽፌልሃለሁ።

መጀመሪያ የማልክደውን ልናገር። ሥራውን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሌላው አባት ሴት ልጁን ከዘይትና ከግራሶ ሲያርቅ አንተ በልኬ ቱታ አሰፋህልኝ። ሞተር ሲያጉረመርም ምኑን እንዳመመው በጆሮዬ እንድለይ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። ዛሬ አንተ ስትመራው የኖርከው የአውቶቡስ ጋራዥ ኃላፊ የሆንኩት በአንተ እጅ ነው።

ግን አንተ ከበሩ ስትገባ ጋራዡ ምን ይመስል እንደነበር አላየኸውም። እኔ አይቻለሁ። ወሬው ይቆማል፤ መፍቻ የያዘው ሁሉ አንገቱን ይቀብራል። አንድ ጊዜ የያኔውን ጎማ ሠራተኛ፣ የልጆች አባት የሆነውን ሰውዬ፣ ሹፌሮች ተሰብስበው እያዩ «አንተ ከክሪኩ በምን ትሻላለህ? እሱስ እንኳ መኪና ያነሳል» ብለኸዋል። እኔ አውቶቡስ ሥር ተጋድሜ እሰማ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ኮርቼብሃለሁ። አባቴን ሰው እንዴት ይፈራዋል ብዬ።

ቦታህን ስረከብ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ አለዚያ ይንቁሻል» ብለህ መከርከኝ። አልጮህኩም። ስላልጮህኩም ካንተ የተሻልኩ አለቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስቤ «ከእኔ ጋር መሥራት ምኑ ይከብዳችኋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ቀጭኑ የምንለው የፍሬንና የጎማ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ብናገር አትቀየሚኝም?» አለ።

«ተናገር።»

«አባትሽ ሲናደዱ ተሳድበው ይወጣላቸዋል። አንቺ ግን ዝም ትያለሽ። ማን ምን እንዳጠፋ ሳይታወቅ ሳምንቱን ሙሉ ዝም። ስድቡ ሳይሻለን አይቀርም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ሳቁ ጠፋ። ከእናቴ ጋር ስትጣላ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ትዝ አለኝ። ስድብህን ጋራዥ ትተህ ኩርፊያህን ነበር ለእኛ ይዘህ የምትመጣው። ድስት ሲከደን እንኳ እንዳይጮህ እንጠነቀቅ ነበር። እኔ ስድብህን እምቢ ብዬ ኩርፊያህን ወርሻለሁ። ለካ ሰው የጠላው እንዳይገባበት ሲጠብቅ የለመደው ከኋላው ይገባበታል።

ከዚያ ወዲህ ስናደድ «ተናድጃለሁ» እላለሁ። በምን እንደተናደድኩ ለሚመለከተው ሰው እነግረዋለሁ፤ ያልቃል። ቀላል እንዳይመስልህ፤ አንዳንዴ ምላሴ ይተሳሰራል። አንተ መላላት ያልከው ይህን ነው። ከመጮህ የቱን ያህል እንደሚከብድ ሞክረኸው አታውቅም።

አሁን ወደ ሰማኸው ወሬ ልምጣ። ግማሹን ነው የነገሩህ።

አንድ ቀን ጠዋት ቢሮዬ ሳለሁ ቀጭኑ እያለከለከ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፤ የመጣው ከሆስፒታል ነው።

«የማለዳው አውቶቡስ ወጥቷል?»

«ከወጣ ቆየ። ምነው?»

«የኋላ ጎማውን ቡሎን ያጠበቅሁ አይመስለኝም። ትናንት አመሻሽ ላይ ሚስትህን ምጥ ያዛት ብለው ሲደውሉልኝ በእጄ ብቻ አስገብቼ ሮጥኩ። ተመልሼ የማጠብቀው መስሎኝ ነበር።»

ስልኩን አነሳሁና ሹፌሩን «ያለህበት ዳር ያዝ» አልኩት። «ሰው ጭኛለሁኮ» አለኝ። «አውቃለሁ። አሁኑኑ ዳር ያዝ።»

ቀጭኑን ይዤ ሄድኩ። አውቶቡሱ የቆመው አንድ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነው። ተንበርክኬ ቡሎኑን ያዝኩት፤ በጣቴ ዞረ። ቀጥሎ ያለውም ዞረ። ተሳፋሪው ወርዶ ይሰድበናል፤ አንዲት ሴትዮ «በእናንተ ምክንያት ቀብር አመለጠኝ» እያለች ትረግመናለች። ቀጭኑ ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ እያለቀሰ ያጠብቃል። ሚስቱ በሰላም መውለዷን እንኳ የጠየቅሁት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው፤ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች።

ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነገሩን ሰምቶ አስጠራኝ።

«ማነው ያላጠበቀው?»

«ጥፋቱ የጋራዡ ነው» አልኩ።

«ጋራዥ እጅ የለውም። ስም ስጪኝ፤ ዛሬውኑ ይሰናበታል።»

«ራሱ መጥቶ ባይነግረኝ ኖሮ አሁን የምናወራው ስለ ሬሳ ነበር። ስሙን ከሰጠሁዎት ነገ የተሳሳተው ሰው ለእኔ አይነግረኝም። አውቶቡሱ በሰላም እንዲመለስ እየጸለየ ይቀመጣል።»

«አባትሽ ቢሆን ይሄኔ አባሮት ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ አልሰጥዎትም።»

«እንግዲያውስ የጋራዡን ቁልፍ አስረክቢ።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቁልፉን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ በእርሳሱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል» አለ። ተጻፈብኝ። ይጻፍብኝ።

ቀጭኑንም ዝም ብዬ አልማርኩትም። ፊት ለፊት አስቀምጬ ምን ሊያደርስ እንደነበር ነገርኩት፤ ለጊዜውም ጎማ እንዳይነካ ከለከልኩት። አሁን አንዱ ያጠበቀውን ሌላው ደግሞ ሳያየው አውቶቡስ ከበሩ አይወጣም። የላላው ጋራዥ እንግዲህ ይህ ነው።

አባባ፣ የሚቀጥለውን ተቀምጠህ አንብበው።

አንተ ኃላፊ ሳለህ ድልድዩ አጠገብ ከግንብ ጋር የተላተመውን አውቶቡስ መቼም አትረሳውም። ሹፌሩ እግሩ ተሰብሮ፣ አልጋ ላይ ሆኖ «ፍሬን አልያዘልኝም» አለ። አንተ «ከእኔ ጋራዥ የተበላሸ ፍሬን አይወጣም» ብለህ መሰከርክ። በፍጥነት ነድቷል ተባለና ተባረረ።

የቡሎኑ ነገር ካለፈ በኋላ ካንተ ጋር ከሠሩት አንዱ ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋ። «ያን ጊዜ የፍሬኑ ዘይት ቱቦ መሰንጠቁን አይቻለሁ» አለኝ። «ለአባትሽ ልነግር ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ስደርስ ሌላ ሰው እየሰደቡ ነበር። ተመለስኩ። ቆይቼ እነግራቸዋለሁ ስል አውቶቡሱ ወጣ።» ማን እንደሆነ አልነግርህም። ለሥራ አስኪያጁ ስም አልሰጠሁም፤ ለአንተም አልሰጥም።

ለመሥሪያ ቤቱ ጥፋቱ የጋራዡ እንጂ የሹፌሩ እንዳልነበረ በኃላፊነቴ ጽፌያለሁ። ከዚያ ሹፌሩን ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆኗል፤ እስካሁን ያነክሳል። ማን መሆኔን ስነግረው ወንበሩን ለቀቀልኝ። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ሚስቴ እስክትሞት ድረስ አላመነችኝም» አለኝ። «እኔም በኋላ በኋላ ራሴን ማመን ትቼ ነበር። ምናልባት ፈጥኜ ይሆናል እል ነበር።»

ከዚያ ቀና ብሎ «አባትሽ ያውቃሉ?» አለኝ።

«አያውቅም» አልኩት።

አሁን ታውቃለህ። የትምህርት ቤቱን አድራሻ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ብቻዬን አልሄድም ካልክ እወስድሃለሁ፤ ስታነጋግረው ግን አጠገብህ አልቆምም፤ የምትለውን ራስህ ትለዋለህ። አልሄድም ካልክም አልለምንህም፤ አባትነትህ አይቀርም፣ መውደዴም አይቀርም። እሱን ሳታየው ግን ስለ አለቅነት አንዲት ቃል እንዳትነግረኝ።

ልጅህ፣
የጋራዡ ኃላፊ